እርማት፦ የተኛ ኮምፒዩተር በሪሞት ይነሳል

ወንድሜ፣ «ኮምፒዩተር አንዴ ከተኛ ሪሞት አያስነሳውም፣ ሌላ ሪሞት ግዙ» ያልከው ትክክል አይደለም። ተኛ የምለው ሳይጠፋ «ስሊፕ» ላይ ሲሆን ነው። ብዙ ሰው ይህን አምኖ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘሁትን ኮምፒዩተር በየማታው ሶፋ ላይ ሆኜ በሪሞት አስነሳዋለሁ።

ሪሞቱን በስልክህ የፊት ካሜራ እየው። ቁልፉን ስትጫን ጫፉ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ ደህና ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው፣ ዩኤስቢ ላይ የተሰካው ተቀባይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲተኛ ከዩኤስቢው የሚያገኘው 5 ቮልት ከተቋረጠበት ሪሞቱን የሚሰማ የለም። የኔ ተቀባይ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ኮምፒዩተሩ ሲተኛ አብራው ትጠፋ ነበር። ባዮስ (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት የሚከፈት ማስተካከያ) ገብቼ «ኢአርፒ» (ErP) የሚለውን የኃይል ቁጠባ ካጠፋሁ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ትበራለች። ዊንዶውስ ላይም ዲቫይስ ማናጀር (የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ተቀባዩ ኮምፒዩተሩን እንዲያነቃ መፍቀድ አለብህ፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል።

መብራት ከሄደ ግን ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲተኛ የተከፈተው ሥራ የሚቆየው ራም ላይ፣ ማለትም ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ማስታወሻ ላይ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ተነስተህ በኮምፒዩተሩ ማብሪያ ቁልፍ ታበራዋለህ፣ ወይም ባዮስ ላይ ራሱ እንዲበራ ታዘዋለህ።