ጂኤንዩ ኸርድ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር) ልሞክር ብል «ትርፍ ኮምፒውተር ላይ ሞክረው» አሉኝ!

ኧረ ወገን! ይህን ምክር የሚለግሱ ሰዎች ባሕር ዳር መጥተው የኔን ትርፍ ላፕቶፕ ይዩልኝ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። እሱ ላይ ነው እንግዲህ ጂኤንዩ ኸርድ የጫንኩት።

ኸርድ የቆመበት የማይክሮከርነል ሐሳብ ውብ ነው፣ አልክድም። ታዋቂው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩም (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ፋይል ሲስተሙም (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው) ኔትወርኩም ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ታጭቀው ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ካበደ ሁሉንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል። ማይክሮከርነል ግን ሜሞሪ ማስተዳደርና መልእክት ማቀባበልን የመሰለ ጥቂት ሥራ ብቻ ይዞ ሌላውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ፋይል ሲስተሙ እንኳ እንደ ተራ ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም እ.ኤ.አ. በ1992 ገና ጨቅላ የነበረውን ሊኑክስን «ጊዜ ያለፈበት» ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ኸርድ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ እየተሠራ፣ ሊኑክስን በዕድሜ እየበለጠ፣ እስከ ዛሬ ስሪት 1.0 አልደረሰም። ይሁን፣ እሱን ችያለሁ።

መነሳቱን ተነሳ። ዋይፋይስ? የለም። «ኬብል ሰካበት» ይሉኛል። የምን ኬብል! እኛ ቤት ኢንተርኔት ማለት የስልኬ ሆትስፖት ነው፤ ስልኩን በዩኤስቢ ብሰካውም ዝም አለኝ። ደግሞ በኩራት «ድራይቨሩ ቢሞት ሲስተሙ አይሞትም» ይላሉ። የሌለ ድራይቨር ምን ብሎ ይሞታል?

ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ለመጫን ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ደህናው ላፕቶፕ ላይ እሰካለሁ፣ በስልክ ዳታ አውርጄ እገለብጣለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። ከዚያ የጫንኩት ፕሮግራም «ያለ እገሌ አልሠራም» ይላል፤ እንደገና መፍቻ ፍለጋ። እናቴ ቡና እያፈላች አይታኝ አይታኝ «ምነው ልጄ፣ ለልዋጭ ብትሰጠው አንድ ሰሃን እንኳ ባገኘን» አለች።

ይኼም ሳያንስ መብራት ይሄዳል! ከደጃችን ከጣና በተወሰደ ውሃ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተተክሏል፤ እኛ ሰፈር ግን ልክ ጭነቱ ሊያልቅ ሲል ድርግም። ኸርድ የሚጠቀምበት ኤክስት2 የሚባል ፋይል ሲስተም ጆርናል (ዲስኩ ላይ የሚደረግ ለውጥ ቀድሞ የሚመዘገብበት ማስታወሻ) የለውም። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ሲስተሙ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ሲፈትሽ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ ፍተሻው ሳያልቅ መብራቱ ድጋሚ የሄደበትን ቀን አላወራም።

«ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሞክረዋ» (በሶፍትዌር የተመሰለ ኮምፒውተር ላይ ማለታቸው ነው) የምትሉ አስተያየት ሰጪዎች፣ ይቅርባችሁ። ቨርቹዋል ማሽን ላይማ ሁሉም ይሠራል! ድራይቨር ተለይቶ መኖሩ ምን እንደሚጠቅም የሚታየው ግራ የገባው እውነተኛ ዕቃ ላይ ነው፤ እሱን ነው ማየት የፈለግኩት።

ለማንኛውም፣ ሽምብጥ አካባቢ የማይጠቀምበት የኔትወርክ ኬብል ያለው ሰው ኢንቦክስ ያድርገኝ። ረጅም ይሁን፤ ራውተር ያለው ጎረቤቴ ሁለት ግቢ አልፎ ነው።