ማስተካከያ፦ አፕ ብቻውን ቴራፒስት አይተካም

«ለትራውማ (ከባድ ክስተት አእምሮ ላይ ለሚተወው ጉዳት) ሕክምና አፕ ብቻ ይበቃል፣ ቴራፒስቶችም መስክረዋል» የሚል ጽሑፍ በሰፊው ሲዘዋወር ነበር። ስህተት ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው ጥናት የፈተሸው በቴራፒስት የታገዘ የኢንተርኔት ሕክምናን ነው። ፊት ለፊት ከሚሰጠው ያላነሰ ውጤት አሳይቷል፤ ግን በአንድ ክስተት ለተጎዱና ምልክታቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰዎች። የእንግሊዝ የ2018 የሕክምና መመሪያም ምልክቱ ለከበደበት ወይም ራሱን ሊጎዳ ለሚችል ሰው አይመክረውም።

ቴራፒስቶች ዲጂታሉን አልጠሉትም፤ ሩቅ ያለ ሰው ጋ መድረሱን ይወዱታል። ስጋታቸው ሌላ ነው። ስክሪን ላይ የሚታየው ፊት ነው፤ ከጠረጴዛ ስር የሚንቀጠቀጥ እጅ ያመልጣል። ታካሚው በመሃል ጭልጥ ብሎ ያለበትን ቢረሳ አጠገቡ ማንም የለም። ታካሚውን የበደለው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ቢኖርስ?

ጽሑፉን አምናችሁ ቀጠሮ የሰረዛችሁ፣ ደውላችሁ መልሳችሁ ያዙ።