ጭቃን ፈርተን ጓሯችንን በሲሚንቶ አንክደን

በሚያዝያ አጋማሽ በባሕር ዳር አዳዲስ ሰፈሮች የሚዘዋወር ሰው በየበሩ የአሸዋና የጠጠር ክምር ያያል። ክረምቱ ሳይገባ ግቢን ሊሾ ማስደረግ ጥቂት ገንዘብ ያገኘ ቤተሰብ ሁሉ የዓመቱ ዕቅድ ሆኗል፤ በደብረ ማርቆስም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በእንጅባራም ያየሁት ይኸው ነው። ምክንያቱ ጭቃ ነው። የጎጃምን የሐምሌ ጭቃ የረገጠ ሰው ይህን ምክንያት አያቃልልም፤ እኔም አላቃልልም። ሆኖም ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ማፍሰስ ለጭቃ የተሰጠ የተሳሳተ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትክክለኛው መልስ ጭቃው ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ወራት፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ በዶማና በአካፋ የሚሠራው ሥራ ነው።

እነዚህ ወራት ጸደይ ናቸው። ይህን ስል የሚገረም አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ መስከረም ጠብቶ ዐደይ አበባ በታየ ቁጥር በሬዲዮውም በመልካም ምኞት መግለጫውም «ጸደይ ገባ» ሲባል መስማት ለምደናልና። በቤተ ክርስቲያን የወቅቶች አቆጣጠር ግን የአበባው ጊዜ መጸው ሲሆን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ምድር የሚታረስበትና ዘር የሚዘራበት ወቅት ነው። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር። ዳሩ ግን ጸደይን ከአበባ ጋር ብቻ ማያያዛችን ግቢያችንን የምናስብበትን ጊዜ አዛብቶታል። ጓሮ ትዝ የሚለን ወይ አበባው ሲፈካ፣ ወይ ሐምሌ ላይ የችግኝ ዘመቻ ሲታወጅ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ዋናው ሥራ አልፏል።

እናቴ በደብረ ማርቆስ በነበረን ጠባብ ግቢ የጓሮውን ሥራ የምትጀምረው ከዳግም ትንሣኤ ማግስት ነበር። በጋውን ሙሉ በበረቱ ጥግ ሲከመር የከረመው ፍግ በቅርጫት ወደ ጓሮ ይወጣል፤ የምድጃው አመድም ከዚያው ይጨመራል። በመጀመሪያው ቁፋሮ ጓሉ ሳይሰበር እንዲሁ ለፀሐይ ይተዋል፤ የሰርዶ ሥር ተገልብጦ የሚደርቀው በዚያ ፀሐይ ነውና። ዝናብ ከጀመረ በኋላ የተነቀለ ሰርዶ በተጣለበት ቦታ መልሶ ያቆጠቁጣል። በሁለተኛው ቁፋሮ፣ የግንቦት ልደታ ንፍሮ በሚቀቀልበት ሰሞን፣ ጓሉ ይከሰከስና ብርሃን በሚያገኝ ጥላ ቦታ ተዘርግቶ ያቆጠቆጠው የድንች ዘር ይተከላል። ዱባው ከፍጉ ክምር ጫፍ ላይ ይጣልና ወደ አጥሩ እንዲወጣ ይተዋል፤ ጌሾው በአጥሩ ሥር፣ ጤና አዳሙና በሶብላው ደግሞ እጅ እንዲደርስባቸው ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ናቸው። ያ ድንች ለምግብ የሚደርሰው በፍልሰታ ጾም ነበር፤ ይኸውም ጎተራው የተሟጠጠበት፣ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት፣ ገበያውም በጎርፍና በጭቃ የራቀበት ጊዜ ነው። ማንም ተቀምጦ ያወጣው ዕቅድ አልነበረም፤ ቀኑ ግን ልክ ነበር። ድንቹ ዘግይቶ ሰኔ መጨረሻ ቢተከል የሐምሌና የነሐሴ ጉምና ርጥበት ገና በለጋነቱ ያገኘውና ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ያልቃል። ሁሉን ነገር ለሰኔ የሚያቆይ ሰው ሰኔና ሰኞ ይገጥምበታል።

የጓሮ አፈር ከማሳ አፈር ለምን እንደሚጠቁር ልጅ ሳለሁ ጠይቄ አላውቅም። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋማ ቦታዎች የሚገኘው ቀይ አፈር በብዙ ዝናብ ታጥቦ አሲዳማ የሆነ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ ማዳበሪያ ቢጨመርበት እንኳን ለአዝርዕቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ገበሬው ኖራ እንዲጨምር የሚመከረውም ስለዚህ ነው። በቤት ዙሪያ ያለው መሬት ግን ከትውልድ ትውልድ አመድና ፍግ ሲበላ ስለኖረ፣ አመዱ አሲዱን እያለዘበ፣ ፍጉ አፈሩን እያሳበጠ ሌላ አፈር ሆኗል። የከተማ ሰው ላም ባይኖረውም የእንጨትና የከሰል አመድ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የደረቀ ቅጠል አያጣም፤ እነዚህን ከመጋቢት ጀምሮ በአንድ ጉድጓድ እያፈራረቀ ቢያከማች፣ አልፎ አልፎ ውኃ ቢያርከፈክፍና በየሦስት ሳምንቱ ቢያገላብጥ ሰኔ ላይ ለጎመን መደብ የሚሆን ኮምፖስት ያገኛል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ፤ አመድ ለጎመን የተስማማውን ያህል ለድንች አይስማማም፤ በዛ ካለ የድንቹን ልጣጭ ያሻክረዋል። ትኩስ እበትም እንዲሁ ከችግኝ ሥር መግባት የለበትም፤ ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ እኔ ራሴ በ2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ያለውን ግቢዬን በሲሚንቶ አስከደንኩት። ያሠራሁት ባለሙያ «ከእንግዲህ ጭቃ የሚባል አያዩም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ ጭቃውን ያየው ጎረቤቴ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ በ100 ካሬ ሜትር ሊሾ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ከሰዓት ቢወርድ፣ ይህም በሐምሌ ብርቅ አይደለም፣ 3,000 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 150 ጀሪካን መሄጃ ይፈልጋል ማለት ነው። ቀድሞ አፈሩ ብዙውን ይጠጣው ነበር፤ አሁን በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ ታችኛው ግቢ ገባ፣ የጎረቤቴን የጭቃ ቤት መሠረትም አራሰው። የባሕር ዳር ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር እንደሚጠጋና የአብዛኛው ሰፈራችን መሬት ሜዳ እንደሆነ ስናስብ፣ ሁላችንም ግቢያችንን ብንከድን ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቱቦ እንዲሄድ እየፈረድን ነው። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ማዘጋጃ ቤቱን እንራገማለን።

የጎጃም ገበሬ ለዚህ ነገር ስምም ብልሃትም አለው፤ ፈሰስ ይለዋል። በማሳው ላይ በሰያፍ የሚያወጣት ቦይ ውኃውን አረጋግታ፣ አፈሩን ሳትገፋ ወደ ዳር ታወጣዋለች። የግቢ ፈሰስም ከዚህ አይለይም። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ያለፈውን ክረምት ማስታወስ ይበቃል፤ ከዚያ በግንቦት፣ አፈሩ ገና ሳይከብድ፣ አንድ ስንዝር ተኩል ጥልቀት ያላት ቦይ ከቤቱ መሠረት ራቅ አድርጎ በጓሮው መደቦች መካከል ማሳለፍና ታችዋን በጠጠር መሙላት ነው። የጣራው አሸንዳ ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል ቢገባ ደግሞ ውኃው በጥቅምት ለጎመኑ ይደርሳል። ከበር እስከ ደጃፍ፣ ከደጃፍ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው መንገድ ግን በድንጋይም በሲሚንቶም ይነጠፍ፤ አረጋዊ እናት በጭቃ አንሸራቷት እንድትወድቅ የሚፈልግ ሰው የለም። ክርክሬ መንገዱ መንገድ፣ ጓሮውም ጓሮ ሆኖ ይቅር የሚል ነው።

የዛፍ ነገርም ከዚሁ የጊዜ ጉዳይ አይለይም። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሐምሌ ሲመጣ ችግኝ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው በዝቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙው ሰው ጉድጓዱን የሚቆፍረው ችግኙን በያዘበት ቀን፣ ለችግኙ ልክ ብቻ፣ በረጠበና በተጣበቀ አፈር ውስጥ ነው፤ አንዳንዱም ፌስታሉን ሳይቀድ ይቀብረዋል። የማንጎ ወይም የአቮካዶ ጉድጓድ በጸደይ መቆፈር አለበት፤ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ የላይኛው አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጣል፤ ጉድጓዱ ለአንድ ወር ያህል ፀሐይና የመጀመሪያዎቹን ካፊያዎች ካገኘ በኋላ የላይኛው አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ ሥር ይመለሳል። አቮካዶ ሥሩ ውኃ ላይ መቆም አይወድም፤ ስለዚህ በባሕር ዳር ዓይነት ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ በተቆለለ አፈር ላይ ቢተከል ይሻላል። ቡና የሚወድ ደግሞ ዘጌን ሄዶ ይይ፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚኖረው፤ በከተማ ግቢም ያለ ጥላ የተተከለ ቡና ሲጎሳቆል ነው ያየሁት። ባሕር ዛፍን በጓሮ አጥር ላይ ስለሚደረድሩ ሰዎች ብዙ አልልም፤ ከሥሩ ጎመን እንደማይበቅል ራሳቸው ያውቁታል። ለአጥር ሰንሰል እያለ ለምን እንደሚቸገሩ ግን አይገባኝም፤ ሰንሰልን በግንቦት ቆርጦ መሰካት ብቻ ነው፣ በክረምቱ ራሱ ይይዛል።

ሊሾውን የሚደግፉ ወዳጆቼ የሚያነሡት አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ወባ ነው። አፈር ባለበት ግቢ ውኃ ይቋጥራል፣ ውኃ ባለበት ትንኝ ይራባል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገሩ እንዲያውም ከሚሉት የጠለቀ ነው። በቡሬ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው ቀበሌዎች የወባ በሽታ እጅግ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል፤ ምክንያቱም የበቆሎው የአበባ ዱቄት በአቅራቢያው ባሉ ኩሬዎች ላይ ሲረግፍ ለትንኝ እጮች ምግብ ስለሚሆናቸው በርትተውና ፈጥነው ያድጋሉ። ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር በቆሎ የመትከል ልማዳችን፣ እሸቱ ምንም ቢጣፍጥ፣ ሊታሰብበት ይገባል። ነገር ግን ትንኟ የምትፈልገው የቆመ ውኃ ነው፤ የቆመ ውኃ ደግሞ ተሰነጣጥቆ በጎደጎደ ሊሾ ላይም፣ በተጣለ ጎማና በተሰበረ ባልዲ ውስጥም አለ። ፈሰሷ በግንቦት ከተቆፈረች፣ ጉድጓዱ ከተሞላ፣ በቆሎው ከቤት ራቅ ካለና ግቢው ከውዳቂ ዕቃ ከጸዳ ጓሮው በወባ የሚከሰስበት ምክንያት አይታየኝም።

ቦታ የለንም የሚሉትም አሉ። በከተሞቻችን ብዙው ቦታ 200 ካሬ ሜትር እንኳን እንደማይሞላ፣ ከዚያም ላይ ተከራይ በየክፍሉ እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም በስምንት እርምጃ ርዝመትና በሁለት እርምጃ ስፋት የተሠራ አንድ መደብ የአንድ ቤተሰብን ጎመን፣ ቃሪያና ቆስጣ ለወራት ይችላል። መንገድ ተዘግቶ ገበያው በነጠፈባቸው ሳምንታት ከሰፈራችን ቃሪያ የበሉት እነማን እንደነበሩ እናስታውሳለን፤ እኔ፣ ግቢዬ ሊሾ የነበረው፣ ከእነርሱ አልነበርኩም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ድጅኖ ተከራይቼ የጓሮውን ወገን ሊሾ አስነሣሁ። ከሥሩ ያገኘሁት አፈር የደነደነ፣ ትል የሌለበት፣ ሽታ እንኳን የጠፋው ነበር፤ ፍግና አመድ ጨምሬበት በመጀመሪያው ክረምት የተስማማው ዱባ ብቻ ነው። ዘንድሮ ሁለተኛውን ቁፋሮ ስጨርስ በታችኛው ግቢ ያሉት፣ ውኃዬ መሠረታቸውን ያራሰባቸው እማማ፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ትንሽ ሲመለከቱኝ ቆዩና «ልጄ፣ ያን ጊዜ ጠይቀኸኝ ቢሆን እኮ ሁለት ጊዜ ባልከፈልክ» አሉኝ። ሲሄዱም ሦስት የጌሾ ችግኝ በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ።