ይድረስ ለክቡር «አንድ ሰው»፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን።

መልክዎን አናውቀውም። ስምዎን ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በጅማ መናኸሪያ ስንሰማ ነው ያረፈድነው። «አጋሮ! አጋሮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል ረዳቱ። ያ የቀረው ሰው እርስዎ ነዎት።

ጥምቀትን አጋሮ አክብረን ማታ ልንመለስ ነበር። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይባልም። ግን ውሃው የሚባረከው በማለዳ ነው። ታቦት ደግሞ ሚኒባስ እስኪሞላ አይቆምም። በዓሉን ዩኔስኮ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቦታል። ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? አጠገቤ የነበሩት እማማ ቀሚስ የምር መበጣጠስ ጀምሮ ነበር። የተጣጣፊው ወንበር ብረት ይዞት።

አንዴ የመጡ መስሎን ደስ አለን። አንድ ሰውዬ ገባ። ወዲያው ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ጎረምሶች ወርደው ሄዱ። ለካ ተሳፋሪ አይደሉም፤ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ ናቸው። የጎደለው ሁለት ሰው ሆነ፤ ጥሪው ግን ያው «አንድ ሰው» ነው። ሂሳብ የማይነካዎ ሰው ነዎት።

(ቡና የተገኘው እዚያው አጋሮ አጠገብ፣ ጮጬ ነው ይባላል። ከቡና አገር ወደ ቡና አገር ልንሄድ ተቀምጠን አንድ ስኒ አልቀመስንም። ከወረድክ ቦታህ ይያዛል ተባልና!)

በመጨረሻ ወንበሩ ሞላ። አሁንስ ሄድን ስንል ረዳቱ በርጩማ ይዞ መጣ። የጅማ በርጩማ ያውቁታል፤ ባለ ሦስት እግሩ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ እንግዳ ሁሉ ለማስታወሻ ገዝቶ የሚሄደው። እሱን መሃል መተላለፊያው ላይ ተከለው። ለእርስዎ መሆኑ ነው። ክብርዎ ያኔ ገባኝ። ትራፊክ ሲታይ ጎንበስ ማለት እንዳለብዎት ግን ማንም አልነገረዎትም መሰለኝ።

በየደጁ የተሰጣውን ጀንፈል እያየን አጋሮ ስንደርስ ታቦቱ ገብቷል። ጠበል የተረጨው ሰው ልብሱ ደርቋል። ጎረምሶቹ ሎሚያቸውን ወርውረው ጨርሰው ሸንኮራ ይግጣሉ። እማማ ግራ ቀኙን አዩና «ይኸው ነው በቃ?» ብለው ረዳቱን ጠየቁት። አልሰማቸውም። ወደ ጅማ የሚሄድ አንድ ሰው እየፈለገ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ነገ ቃና ዘገሊላ ነው። እኔ እዚሁ ጅማ በእግሬ ነው የምወጣው። እርስዎ አጋሮ የሚሄዱ ከሆነ ግን ስለ ሚካኤል ብለው ዛሬውኑ መናኸሪያ ይደሩ።

ከሰላምታ ጋር
ጎማው ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
«መልስህን ዘርዝሬ እሰጥሃለሁ» ብሎ ለቀረው ረዳት