አልበሙ የት ይሸጣል?

እዚህ ሎስ አንጀለስ የፊልም ሙዚቃ ብቻ የሚሰሙ ሰዎች አሉ። ዘፈን ማለቴ አይደለም። ተዋናዩ ሲሮጥ፣ ሲያለቅስ፣ ጨለማ ቤት ሲገባ ከኋላ የሚሰማውን ሙዚቃ ማለቴ ነው። መኪና ውስጥ እሱን ይከፍታሉ። ሳህን ሲያጥቡም እሱን ነው። ፊልሙን ገና ሳያዩት ሙዚቃውን ሰምተው፣ ወደውት ወይም ጠልተውት ጨርሰዋል።

የማታ ፈረቃ አብሮኝ የሚሰራ አንድ አሜሪካዊ አለ፤ የለየለት የእነሱ ወገን ነው። አዲስ አልበም የሚወጣው ዓርብ ዓርብ ስለሆነ፣ ዓርብ ማታ እሱን ስለ ሌላ ነገር ማናገር ከንቱ ድካም ነው። በተለይ ሐምሌ 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አበደ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ትልልቅ ፊልሞች ወጡ። አዲሱ ሱፐርማን ላይ ጆን መርፊና ዴቪድ ፍሌሚንግ ጆን ዊሊያምስ ለ1978ቱ ሱፐርማን የጻፈውን ዜማ ወስደው በኤሌክትሪክ ጊታር ሳይቀር አስጮሁት። ጁራሲክ ወርልድ ሪበርዝ ላይ ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ዴስፕላ እሱም የዊሊያምስን የድሮ ዜማ እዚህም እዚያም ጣል አደረገ። ማይክል ጂያኪኖ ግን ለፋንታስቲክ ፎር አዲስ ዜማ ጻፈ፣ መዘምራን ጨምሮበት።

ባልደረባዬ የሱፐርማኑን ወደደው። "ዜማው ወደ ቤቱ ተመለሰ" አለ። ከጓደኞቹ አንዷ ግን በጣም ተናደደች። የሰው ዜማ ከተዋስክ አንተ ምን ሰራህ ታዲያ? ጥያቄዋ ይኸው ነው። ጂያኪኖን ስታወድስ እጇ ሁሉ ይወራጫል። ክርክሩ ወሩን ሙሉ ቀጠለ።

እነዚህ ሰዎች አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከሰዓት ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው በርባንክ አንድ ምግብ ቤት ይሰበሰባሉ። እኔም ሲመቸኝ እሄዳለሁ፤ ግማሹ ለጨዋታው፣ ግማሹ ለትዝብት። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ቪዲዮ የምትቆርጥ ወጣት አለች። ስለ ፖለቲካ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚጣሉት ስለ ቫዮሊን ነው። በ2025 ኦስካሩን ዳንኤል ብሉምበርግ በዘ ብሩታሊስት ሲወስድ መምህሩ ምግባቸውን ትተው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። ለእሳቸው ዋንጫው የክሪስ ባወርስ ነበር፣ ለዘ ዋይልድ ሮቦት። "ዜማ ያለው እሱ ነው፤ ሌላው ኳኳታ ነው" ይላሉ። እኔ በበኩሌ የብሩታሊስቱን ወድጄዋለሁ። መርከቡ ኒውዮርክ ሲደርስ ያ የነሐስ መሣሪያ ጩኸት ለስደተኛ ሰው የሚለው ነገር አለው። ይህን ስናገር ሁሉም ዝም ብለው አዩኝና ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

በጣም የገረመኝ የአልበም ርዝመት ጉዳይ ነው። ነገሩ ታሪክ አለው። በ80ዎቹና በ90ዎቹ እዚህ ሎስ አንጀለስ ለፊልም የተቀረጸ ሙዚቃ በአልበም ሲወጣ፣ በሙዚቀኞች ማኅበሩ ውል መሠረት ለተጫዋቾቹ ተጨማሪ ክፍያ ይከፈል ነበር። ኦርኬስትራ ማለት ደግሞ 80 እና 90 ሰው ነው። ስለዚህ አሳታሚዎቹ ቆጠቡ። ቫሬሴ ሳራባንድ የሚባለው ድርጅት የሁለት ሰዓት ፊልም ሙዚቃ 30 ደቂቃ ገደማ ብቻ አድርጎ ይሸጥ ነበር። አፍቃሪዎቹ በጎደለው እያለቀሱ ኖሩ። ኋላ በጥቂት ቅጂ ለሚወጡ እትሞች ክፍያው ሲቀንስ፣ እንደ ላ-ላ ላንድና ኢንትራዳ ያሉ ትንንሽ አሳታሚዎች የድሮውን ሙሉውን እያወጡ 2,000 ወይም 3,000 ቅጂ ይሸጡላቸው ጀመር። ባልደረባዬ ያው አንድ ሙዚቃ በሸክላ፣ በሲዲ፣ እንደገና በተሟላ ሲዲ አለው። ሚስቱ ምን እንደምትል አልጠይቅም። አሁን ደግሞ ሁሉ ነገር በስልክ የሚሰማ ስለሆነ አልበሙ 80 ደቂቃ ይወጣል። ደስ አላቸው? በፍጹም። "በዛ፣ ማን ይምረጥልን?" ሆነ።

ዘፈንን ደግሞ ይንቃሉ። እዚህ አንድ ፊልም ብዙ ጊዜ ሁለት አልበም ያወጣል። በ2025 ሲነርስ ሲወጣ የብሉዝ ዘፈኖቹ ለብቻ፣ የሉድቪግ ጎራንሰን ሙዚቃ ለብቻ ነበር። ኤፍ ዋንም እንዲሁ፤ የታዋቂ ዘፋኞች አልበም በአንድ በኩል፣ የሃንስ ዚመር በሌላ በኩል። የእኔ ሰዎች የዘፈኑን አልበም ዞር ብለው አያዩትም። ሲነርስን ግን ባይንቁት ጥሩ ነበር። 1932 ሚሲሲፒ ላይ የተሰራ ታሪክ ያለ ዘፈኖቹ ባዶ ነው።

አዲስ አበባ ስሄድ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እኛ ጋ ፊልም የሚታወቀው በዘፈኑ ነው። ገና ፊልሙ ሳይወጣ ክሊፑ ይለቀቃል። ታክሲ ውስጥ ሲከፈት "የእንትን ፊልም ዘፈን" ይባላል፣ ተሳፋሪው ያንጎራጉራል። ዘፋኙን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ከኋላ ያለውን ሙዚቃ የሰራው ማን ነው ብትል ግን ሰው የሚያይህ እንደ እብድ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ የመጨረሻው ትዕይንት ሳያልቅ ወንበሩ መንኳኳት ይጀምራል። መብራት ይበራል። የባለሙያዎቹ ስም ባዶ አዳራሽ ላይ ያልፋል። ቴሌቪዥን ላይማ ስሙ ገና ብቅ ሲል ማስታወቂያ ይቆርጠዋል። ለእውነቱ ከሆነ እዚህም ብዙው ሰው ተነስቶ ይሄዳል፤ የማርቭል ፊልም ካልሆነ። እስከ መጨረሻው ስም የሚቀመጡት እነዚህ የእኔ ጉዶች ብቻ ናቸው።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ፊልም ገባሁ። ልጅቷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ናት፣ እናትየው እጇን ይዛለች፣ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። በዚህ መሃል ኦርጋን ተሰማ። ያ ኦርጋን ለንደን ቴምፕል ቤተክርስቲያን ውስጥ የተቀረጸው፣ ሃንስ ዚመር በ2014 ለኢንተርስቴላር የሰራው ኦርጋን ነው። ሰው ጠፈር ላይ ሲንሳፈፍ ታየኝና ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ምን ዓይነት አረመኔ ነው በሚል ዓይን አዩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሙዚቃው ስራውን ሰርቷል። ለማን እንደተሰራ ግን አይመለከታቸውም።

ይኸው ዚመር በሌላ በኩል የደረሰበትን ልንገራችሁ። የዱን ሁለተኛው ክፍል ሙዚቃ ለኦስካር መወዳደር አልቻለም። የአካዳሚው ደንብ ተከታታይ ፊልም ከሆነ ሙዚቃው 80 በመቶ አዲስ ይሁን ይላል። ሰውዬው ከመጀመሪያው ዱን፣ ከገዛ ራሱ ስራ፣ አብዝቶ ወሰደና ከውድድር ውጭ ሆነ። የበርባንክ ሰዎች ስንት ሳምንት ተንጨረጨሩ። እሱ የራሱን ሙዚቃ ቢደግም ይከለከላል፤ እኛ ሰርጉ ላይ፣ ልደቱ ላይ፣ ፊልሙ ላይ እንዳሻን እናፈሰዋለን። በነገራችን ላይ የቅጂ መብት አዋጅ የለንም እንዳይባል፤ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ፣ ማሻሻያም ወጥቶለታል።

የአክስቴ ልጅ ሃያ ሁለት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የፊልም ሙዚቃ ይሰራል። ኪቦርድ፣ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን። ስሄድ እሱ ጋ ሳልቀመጥ አልመለስም። ዳይሬክተሩ ፊልሙን የሚያመጣለት ሊመረቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሲያመጣው ደግሞ ባዶውን አይደለም፣ የፈረንጅ ሙዚቃ ለጥፎበት ነው። "እንደዚህ አድርገህ ስራልኝ፣ ግን እንዳይመሳሰል" ይለዋል። ይህንን ሲነግረኝ የሚያፍር ይመስላል። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ የሆሊውድ አቀናባሪዎችም ዋና እሮሮ ይኸው ነው። እዚያም ኤዲተሩ የሌላ ፊልም ሙዚቃ ይለጥፋል፣ ዳይሬክተሩ ሲሰማው ይለምደዋል፣ ከዚያ አዲስ ነገር ሲመጣለት አይዋጥለትም። ልዩነቱ እዚያ የተለጠፈው በመጨረሻ ይነሳል። እኛ ጋ ጊዜ ካለቀ እዚያው ይቀራል።

ልጁ ጎበዝ ነው። አሳዛኝ ቦታ ላይ ሁሉ ዋሽንት እንዲያስገባ ይጠየቃል፣ እሱ ግን አንድ ፊልም ላይ ሰውየው ሲከዳ ባቲን በክራር ብቻ፣ በጣም በዝግታ አስጀምሮ ሳይጨርሰው ይተወዋል። ጆሮዬ ቆመ። የፊልሙን ግማሽ ታሪክ ረስቻለሁ፣ ያቺን ክራር ግን አልረሳኋትም። "አልበሙ የት ይሸጣል?" አልኩት። ሳቀብኝ።

"ጋሼ፣ ማን ይገዛዋል? ገንዘቤን አንዴ ተቀብያለሁ፣ አለቀ።"

አላለቀም። ጉማ ሽልማት ላይ ለፊልም ሙዚቃ ዋንጫ ይሰጣል፤ ሰው ያጨበጭባል። በማግስቱ ያን የተሸለመውን ሙዚቃ ልስማ ብትል ግን የት ሄደህ ነው? ፊልሙን ከፍተህ ከተዋናዩ ንግግርና ከመኪና ጥሩምባ ስር ካልለቀምከው በቀር የለም። ኃይሌ ገሪማ በ2008 ጤዛን ሲያወጣ ሙዚቃውን የሰሩት ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍንና ፒያኖ ተጫዋቹ ቪጃይ አየር ናቸው። እንደዚያ ዓይነት ስራ በስሙ የሚጠራ ስንት ሰው አለን? የማይጠራው ግድ ስለሌለን አይመስለኝም። ሰው ያልያዘውን ነገር ሊከራከርበት አይችልም። በርባንክ ያሉት ሰዎች ስለ አርባ ሰከንድ የሚጣሉት አርባ ሰከንዷ የጎደለችበት ሲዲ እጃቸው ላይ ስላለ ነው።

የእኛ ሙዚቃ የፈረንጅ ፊልም ውስጥ የገባበትን መንገድ አስቡት። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ብሮክን ፍላወርስን ሲሰራ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ነው የተጠቀመው። ፊልሙ ውስጥ ጎረቤትየው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ቢል መሪ ሲጓዝ መኪና ውስጥ የሚሰማው ሲዲ ያዘጋጅለታል። ሙላቱ በ70ዎቹ መጀመሪያ የቀረጸው ነገር እዚያ የደረሰው በ1998 ኢትዮፒክስ በሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ እትም አራተኛ አልበም ሆኖ ስለታተመ ነው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም እንደዚያው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ፣ በ2006 ደግሞ የኢትዮፒክስ 21ኛ አልበም ሆነ። ከዚያ ፒያኖአቸው በ2020 ታይም የሚባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ፣ በ2021 ደግሞ ፓሲንግ ላይ ተሰማ። በ1920ዎቹ ሃርለም ላይ የተመሠረተ ታሪክ፣ ኢየሩሳሌም ገዳም የሚኖሩ እናት ፒያኖ። በ2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ባልደረባዬ ነው ዜናውን በስራ ሰዓት የነገረኝ። "የእናንተዋ ፒያኒስት" አለኝ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የበርባንኮቹን ግን ያለ ልክ እንዳላሞግሳቸው። ከኦርኬስትራ ውጭ ሙዚቃ የለም የሚሉ አሉባቸው። ጎራንሰን ለብላክ ፓንተር ሴኔጋል ሄዶ ከዘፋኙ ባባ ማል ጋር ከርሞ መሥራቱን ያደንቃሉ፣ የሴኔጋልን ሙዚቃ ለብቻው ስማ ብትላቸው ግን ሰዓታቸውን ያያሉ። ዱን ላይ ዘፋኟ ሎየር ኮትለር የምትለቀውን ጩኸት "የበረሃ ድምፅ" ይሉታል። ለእኔ ጆሮ የቀብር ሙሾ ነው፣ ያውም ደህና አልቃሽ። የሚያምርባቸው በተለይ ሆሊውድ ቦውል ሲሄዱ ነው። ከ17,000 ሰው በላይ በሚይዘው በዚያ ሜዳ ላይ ኦርኬስትራው የስታር ዋርስን ማርሽ ሲጀምር፣ ያ ሁሉ ጎልማሳ ሰው የፕላስቲክ የብርሃን ሰይፉን እንደ ደመራ ችቦ ያነሳል። አብሬ ቆሜ አውቃለሁ። ሰይፍ ግን አልያዝኩም።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ የክራሯን ሙዚቃና ሌሎች ጥቂት ስራዎቹን በቴሌግራም ላከልኝ። ለባልደረባዬ አስተላለፍኩለት። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፣ ያውም ረጅም። ክራሩ ግሩም ነው፣ ግን ለምን ተቋረጠ? ሦስተኛው ላይ ያለው ቫዮሊን የኪቦርድ ስለሆነ ጆሮ ይወጋል። አራተኛው ሁለት ደቂቃ ይጠርለት። ቅደም ተከተሉም ተሳስቷል። ተርጉሜ ላክሁለት። ልጁ ተቆጣ። "ጋሼ፣ እሱ ፊልሙን አይቶታል? ክራሩ የሚቋረጠው ሰውየው በሩን ስለሚዘጋ ነው በለው።" ይህንኑ ለባልደረባዬ ነገርኩት። ባልደረባዬም አልተረታም፤ በሩ ሲዘጋ ፊልም ላይ ይቋረጥ፣ አልበሙ ላይ ግን ሙሉው ይውጣ አለ። የትኛው አልበም? ብሎ መለሰ ልጁ። አሁን ድምፅ እየቀረጹ ይላላካሉ፣ እኔ መሃል ላይ አስተርጓሚ ሆኛለሁ፤ ትናንት ማታ ደግሞ ስለ ቫዮሊኑ ጀምረዋል።