የትራፓኖ መንቀጥቀጥ ቺንጋ በማክረር አይድንም

ይከበሩ ወንድሜ፣ ገላን በሚገኘው የቤትዎ ወርክሾፕ ያለው የቁም ትራፓኖ (ቆሞ የሚሠራ መብሻ ማሽን) ሲንቀጠቀጥ «ቺንጋውን እስኪከር ወጥረህ እግሩን ሲሚንቶው ላይ በብሎን እሰረው» የሚል ምክር እንደተሰጠዎት ጽፈዋል (ቺንጋ የሞተሩን ዙር ወደ መብሻው ዘንግ የሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ ነው)። ምክሩ በሰፊው ቢነገርም የተሳሳተ ስለሆነ ማረም ግድ ሆኖብኛል።

ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሞተሩንና የዘንጉን ኩሽኔታዎች (ዙሩን የሚያቀልሉ ማቀፊያዎች) ወደ ጎን እየጎተተ ያለጊዜያቸው ይጨርሳቸዋል፣ መንቀጥቀጡንም ሊያባብስ ይችላል። በሁለቱ ፑሊዎች (ቺንጋው የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲሜትር ያህል ከገባ ውጥረቱ በቂ ነው። ማሽኑን ወለሉ ላይ ማሰር እንዳይወድቅ ስለሚረዳ እኔም እደግፈዋለሁ፤ የንዝረቱን ምንጭ ግን አያስወግድም።

ምንጩን ለመለየት ሶኬቱን ነቅለው ቺንጋውን ያውጡ፣ ከዚያ ሶኬቱን መልሰው ሞተሩን ብቻውን ያስነሱ። ያኔም ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የሞተሩ፣ የማሰሪያ ብሎኖቹ ወይም በሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ ነው። ጸጥ ካለ ግን፣ ከሁሉ አስቀድመው ቺንጋውን ይጠርጥሩ፤ ለወራት ሳይሠራ በቆመ ማሽን ላይ ቺንጋው የፑሊውን ቅርጽ ይዞ ስለሚደርቅ፣ ያ የተጣመመው ክፍል ፑሊው ላይ በደረሰ ቁጥር ማሽኑን ያናውጠዋል። ሰዎች ይህን ርካሽ ጎማ ሳይመለከቱ ሞተር ለመቀየር መነሣታቸው በእውነት ያሳዝነኛል። የሁለቱ ፑሊዎች ከፍታ እኩል መሆኑንም ቀጥ ያለ ብረት አስጠግተው ያረጋግጡ፤ የፑሊዎቹ ማጥበቂያ ብሎኖች ላልተው ከሆነም ያጥብቋቸው።