ማርያም ያልሳመቻት ማሪሊን

መጀመሪያ ዊጉ ተገዛ። ተውኔቱ ገና አልተጻፈም፤ ዊጉ ግን ተገዛ። እኔ ይህን አሠራር ከልቤ አደንቃለሁ። ስንቱ ደራሲ ነው ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲያበላሽ ከርሞ መጨረሻ ላይ ፀጉር ያጣው? ይሄኛው ፕሮዲውሰር ብልህ ነው። ዊጉን ከነካርቶኑ ደራሲው ፊት አስቀመጠና "በል እንግዲህ፣ ከዚህ ሥር የምትቆም ሴት ጻፍልኝ" አለው።

ባለታሪኳ ማሪሊን ሞንሮ ናት። ሌላ ማን ትሆናለች? ስለ ፊልም ኮከብ ተውኔት ይሠራ በተባለ ቁጥር ቀድማ የምትቀሰቀሰው እሷ ናት። ካረፈች 60 ዓመት አልፏታል። ማረፉን እንጃ።

ደራሲው ወዳጄ ስለሆነ የመጀመሪያውን ድራፍት አንብቤዋለሁ። ምስኪን፣ ብዙ ለፍቷል። ማሪሊን እ.ኤ.አ. በ1954 መጨረሻ ሆሊውድን ጥላ ኒውዮርክ ትገባለች። ከፎቶ አንሺው ከሚልተን ግሪን ጋር ሆና የራሷን የፊልም ኩባንያ ታቋቁማለች። ፎክስ ስቱዲዮ አንድ ዓመት ያህል ሲጎትታት ይከርምና በ1955 ማብቂያ ላይ እጁን ይሰጣል። በአዲሱ ውል ለአንድ ፊልም 100 ሺህ ዶላር ይከፈላታል። የማትፈልገውን ዳይሬክተር "አልቀበልም" ማለትም ትችላለች። በዚያ ዘመን አንዲት ተዋናይት ግዙፉን ስቱዲዮ እንዲህ ስታንበረክክ ማየት ደስ ይል ይሆናል። ግን እስቲ አስቡት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውል? ማን ትኬት ይቆርጣል?

ሁለተኛው ድራፍት ደግሞ ይባስ ብሎ ስለ ትወና ነበር። በ1956 አክተርስ ስቱዲዮ በተባለው የተዋንያን መለማመጃ ቤት ውስጥ፣ የሙያ ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ ከተዋናይቷ ከሞሪን ስቴፕልተን ጋር ከዩጂን ኦኒል ተውኔት አንድ ትዕይንት ሠርታ ነበር። የዓለም ካሜራ ሁሉ የሚያሳድዳት ሴት፣ እዚያች ትንሽ መድረክ ላይ በፍርሃት ልትሞት ደርሳ ነበር አሉ። በዚያ ቤት ለልምምድ ትዕይንት ማጨብጨብ ልማድ አልነበረም። የዚያን ዕለት ግን ተጨበጨበ ይባላል። ወዳጄ ይህን ሲጽፍ አልቅሷል። ፕሮዲውሰሩም ሲያነበው አልቅሷል። አልቅሶ ሲያበቃ ዓይኑን ጠረገና "ነፋሱስ?" አለ።

ነፋሱን ታውቁታላችሁ። ከምድር ባቡር መተንፈሻ ወጥቶ ነጩን ቀሚስ የሚገልበው ነፋስ ነው። መስከረም 1954 ኒውዮርክ፣ ሌክሲንግተን ጎዳና ላይ፣ በእኩለ ሌሊት ቀረጻው ሲካሄድ ሕዝቡ ከመጮኹ የተነሳ ትዕይንቱ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተሠርቷል። እኛም ዛሬ ቴአትር ቤት ቁጭ ብለን እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ የምናፏጨው ቅርስ ለመጠበቅ ነው። ቀሚሱ ራሱ በ2011 በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እሷ ስቱዲዮን አሸንፋ በፊልም 100 ሺህ፣ ቀሚሱ ዝም ብሎ ተሰቅሎ 4 ሚሊዮን። ጥሩ ወኪል ያለው ቀሚስ ነው።

ስድስተኛው ድራፍት ላይ ነገሩ ተስተካከለ። ኩባንያው ወጣ። አክተርስ ስቱዲዮ ወጣ። ቬንትሌተር ገባ።

በመሃል "መብቱስ የማን ነው?" የሚል ጥያቄ ተነስቶ ጠበቃ ተጠራ። ጠበቃው ያመጣው ወሬ ከተውኔቱ ይልቅ የሚያስቅ ነበር። ማሪሊን በ1962 ሎስ አንጀለስ ስትሞት ንብረቷን የሚያስተዳድሩት ሰዎች "ነዋሪነቷ የኒውዮርክ ነው" ብለው ነበር። ይህ ደግሞ ከካሊፎርኒያ የውርስ ግብር ያድናል። ዓመታት አልፈው ካሊፎርኒያ የሟችን ምስል መብት የሚጠብቅ ሕግ ስታወጣ፣ ወራሾቹ "ለካ የካሊፎርኒያ ሰው ነበረች" ብለው ብቅ አሉ። በ2012 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት "አንዴ ኒውዮርክ ብላችኋል፣ እዚያው ትቆይ" አላቸው። ለግብር ሲሆን ወዲያ፣ ለገንዘብ ሲሆን ወዲህ። ሞታም እንኳ ቤት ኪራይ ትቀያይራለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ኦዲሽኑ እንግባ።

ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። በሩ ላይ አንዲት ሜካፕ የምትሠራ ልጅ የቅንድብ እርሳስ ይዛ ቆማለች። የምትገባውን ሁሉ አገጭ ቀና እያደረገች ጉንጯ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ታሳርፋለች። ያቺን እኛ "ማርያም የሳመቻት" የምንላትን ምልክት መሆኑ ነው። ማርያም ያልሳመቻትን እርሳስ ይስማታል። ከዚያ "ቀጣይ!"

ከዚያ በፊት ግን ግማሽ ሰዓት የፈጀ ሙግት ነበር። ልጅቷ ነጥቡን ግራ ጉንጭ ላይ ታደርጋለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ትልቅ ፎቶ ላይ ግን በቀኝ ነው። ረዳት አዘጋጁ ቀኝ አለ። የመብራት ባለሙያው ግራ አለ። አንዱ መስታወት አምጥቶ ፎቶውን በመስታወት አሳየን፤ የባሰ ተምታታብን። በኋላ ሲጣራ ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል። ፕሮዲውሰሩ ትንሽ አሰበና "ለማንኛውም ሁለቱም ጋ አድርጊው" አላት። ስለ ስክሪፕቱ ግማሽ ሰዓት የተከራከሩበትን ቀን አላስታውስም።

የመጀመሪያዋ ገባች። ቁርጥ ማሪሊን! ከንፈሯን ገርበብ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ቆመች። ፕሮዲውሰሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። "አታንብቢ፣ አታንብቢ! ዝም ብለሽ ቁሚ።" ቆመች። አምስት ደቂቃ ሙሉ እንደ ፖስተር ቆመች። የእውነት ግሩም ነበር። ከዚያ ምን ነካት መሰላችሁ፣ "የቱን ገጽ ላንብብ?" አለች። ሁላችንም ትንሽ ቅር አለን።

ሁለተኛዋ መብራቱ ሥር አላባትና ነጥቧ ቀስ እያለ ወደ አገጯ ወረደ። እሷ ስለ ወላጅ አልባነት እያወራች እኛ ነጥቡን እንከተላለን። ምን እንዳለች የሰማ የለም።

ሦስተኛዋ አጠር ያለች፣ ጥቁር ፀጉር፣ ጠፍጣፋ ጫማ። ነጥቡን "ይቅርብኝ" ብላ አልፋ ገባች። ስነ ሥርዓት የላትም። ማሪሊን በልጅነቷ ትንተባተብ ነበር፤ አድጋም ሲጨንቃት ይመለስባት ነበር። ልጅቷ የጀመረችው ከዚያ ነው። ስልክ ጆሮዋ ላይ እንዳለ አድርጋ "ደ... ደ..." አለችና ቆመች። እጇን አየችው። "ደህና ነኝ" አለች። ደህና አለመሆኗ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ገባው። ሞባይሉን ሲጎረጉር የነበረው የድምፅ ባለሙያ እንኳ ቀና ብሎ ቀረ። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጤን ረሳሁ።

ፕሮዲውሰሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እህቴ፣ በጣም ጎበዝ ነሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን አትመስዪም።"

እንዴት ያለ ፍርድ ነው! ሙያ በልብ ነው የሚሉት አባቶቻችን ዊግ ስላልነበራቸው ነው። ሙያ በጉንጭ ነው፤ ያውም በሁለቱም።

በዚህ መመዘኛ ማሪሊን ራሷም ኦዲሽኑን አታልፍም ነበር። ኖርማ ጂን ተብላ ስትጠራ ፀጉሯ ቡናማ ነበር። ወርቃማ የሆነው በ1946፣ ለፎቶ ሞዴልነት ስትሠራ ነው። በዚያው ዓመት ፎክስ ቀጠራትና በ1947 ውሏን ሳያድስ ቀረ። በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው ሌላ ስቱዲዮ ለስድስት ወር ወሰዳትና እሱም አሰናበታት። እነዚያም እንደኛ ዓይን ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ደግሞ የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር በእግሯ ትሄዳለች፤ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ከዚያ ጓደኛዋን "እሷን ልሁንልሽ?" ትላታለች። አረማመዷን፣ አቋሟን ትንሽ ስትለውጥ መንገደኛው ከበባት። እውነት ከሆነ፣ ማሪሊንን መጀመሪያ የተወነችው ያለ ዊግ ለውጥ፣ ያለ እርሳስ፣ አስፋልት ላይ ነው። ይህን ለፕሮዲውሰሩ ስነግረው "እና የዚያን ቀን ምን ለብሳ ነበር?" አለኝ።

ልማዱ ደግሞ ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። የቀድሞ ባሏ አርተር ሚለር "ከውድቀቱ በኋላ" የተሰኘውን ተውኔቱን ለመድረክ ያበቃው በጥር 1964 ነው። ከሞተች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ማጊ የምትባለዋ ዘፋኝ ማሪሊን አይደለችም ብሎ ተከራከረ። ማጊን የተወነችው ባርባራ ሎደን ግን መድረኩ ላይ የወጣችው ወርቃማ ዊግ አድርጋ ነው። ደራሲው "አይደለችም" ይላል፤ ዊጉ "ናት" ይላል። ሕዝቡ ማንን ሰማ? ሎደን በዚያ ሥራ የቶኒ ሽልማት ወስዳለች፤ ሰው የሚያወራው ግን ስለ ፀጉሩ ነበር።

እኛ ተመልካቾችም ለምስጋናው ድርሻችን ሊረሳ አይገባም። የተመረጠችው ተዋናይት ፎቶ ይፋ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ሁላችንም የአፍንጫ ሐኪም ሆንን። አንዱ "አገጯ ረዘም ይላል" አለ። ሌላው "የማሪሊን ዓይን እንዲህ አይደለም" አለ፤ እንደ ጎረቤት። እኔም፣ መዋሸት አልፈልግም፣ ፎቶውን ሁለት ጣቴን አድርጌ አጎላሁትና ጉንጯን ፈለግሁ። ነጥቡ ነበር። በግራ ነው። እፎይ አልኩ። ስትናገር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት እስካሁን አላውቅም።

የተመረጠችው ያቺ የመጀመሪያዋ፣ ቁርጧ ናት። ስትናገር ትንሽ ስለሚያስቸግር ንግግሯ ከ40 ገጽ ወደ 11 ገጽ ወርዷል። ደራሲው መጀመሪያ ተናደደ፤ በኋላ ክፍያው በገጽ አለመሆኑን ሲያውቅ ተረጋጋ። ሦስተኛዋ ልጅም አልተረሳችም። ከመጋረጃ ኋላ ቆማ፣ ዋናዋ ስትረሳ እንድታስታውስ ተቀጥራለች።

ትናንት ፕሮዲውሰሩ ደወለልኝ። ደስ ብሎታል። የሚቀጥለው ዓመት ተውኔት ስለ ቻርሊ ቻፕሊን ነው።

"ደራሲ አገኛችሁ?" አልኩት።

"ኧረ ገና ነው" አለ። "ጺሙን ግን ገዝተነዋል።"